ጀርባውን ሰጥቶ የሚያሠለጥን ሰው

የበየነ ሙት ዓመት ካለፈ አራተኛ ቀኑ ነበር። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ የዕድሩ ወንበርና ድስት ተመልሶ፣ ከሩቅ የመጡት ዘመዶችም ወደየቤታቸው ሄደው ቤቱ እንደገና የእኔ ብቻ ሆኗል። ስኳር አልቆብኝ ስለነበር ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና በታክሲ ሩዋንዳ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። ለስኳር ከቡልቡላ ሩዋንዳ አይኬድም፤ እኛ ኮንዶሚኒየም ሥር ሦስት ሱቅ አለ። የሄድኩት የሰይድን ሱቅ ብዬ ነው። ሰይድ በጉብዝናው ዘመን ባሌ በየነ ያሠለጥነው የነበረው ቡድን የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበር። ዛሬ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ደንበኛ ይቀበላል። ቢሆንም በየነን "ጋሼ" እያለ የሚያነሣልኝ ሰው ስለሆነ፣ ከእሱ የገዛሁት ስኳር ይጣፍጠኛል።

ባንኮኒው ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ አንድ ነገር ተቀምጧል። ቀይ ቆዳ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ሾል ሾል ብለዋል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ሰይድ?"

"ኳስ ነው፣ እትዬ ጽጌ።"

"ምን አግኝቶት ነው?"

"ምንም አላገኘውም፤ ሲሠራም እንዲህ ነው።" ሳቀ። "የእህቴ ልጅ የሀያት ነው። ከሜልበርን ለሠርግ መጥታለች። አውስትራሊያ የሚጫወቱት በዚህ ነው። በእጅ ይይዙታል፣ በእግር ይለጉታል፣ ሲያሰኛቸው ደግሞ ሰው ጀርባ ላይ ይወጣሉ።"

"ሰው ላይ አንወጣም!" የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ሀያት ራሷ ተከትላ ወጣችና ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "አልፎ አልፎ ነው" ብላ ጨመረች።

ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ረጅም ናት፤ ግን እንደ እኔ ዕድሜ ሰው ግድግዳ እየተደገፈች ነበር የምትራመደው። ስትቀርበኝ አንድ ሽታ ቀደማት። ጡንቻ ሲታሰር የሚታሸው፣ አፍንጫ ከፍቶ ዓይን የሚያስለቅሰው ቅባት ነው። የበየነ ቱታ፣ የበየነ ፎጣ፣ የበየነ እጅ ለአርባ ዓመት እሱን ሲሸት ኖሯል። ካረፈ ወዲህ የቅባቱን ቱቦ ከመሳቢያው አውጥቼ ከፍቼው አላውቅም። ሰይድ ፊቴን አይቶ በርጩማ ሳበልኝ። ተቀመጥኩ፤ የተቀመጥኩት ግን ሩዋንዳ አልነበረም።

የተቀመጥኩት ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ፣ የገበሬው የኦቦ ቱፋ ሽምብራ ተነሥቶ ባዶ የሚቀረው መሬት ዳር ነው። ዛሬ ሕንፃ የሞላው ቡልቡላ ያን ጊዜ ጤፍና ሽምብራ ነበር። ኦቦ ቱፋ መሬቱን የሚለቁልን "ኳሳችሁ በሬዬን የመታ ቀን ሜዳው ይዘጋል" በሚል አንድ ውል ብቻ ነበር። በየነ የስፖርት መምህር ነው፤ እኔ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ የመጋዘን ጫኝና አውራጆችን የኳስ ቡድን ያሠለጥናል። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ጎኑ ላይ ሁለት ነጭ መስመር የወረደበት፣ ጉልበቱ ላይ የሳሳ ቱታ ነበረው። ታጥቦ እስኪደርቅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ልጆቹ ሸራ ጫማ ያደርጋሉ፤ ጎማው ሲላቀቅ በሲባጎ አሥረው ይሮጡበታል። ከልምምድ በኋላ አስፋልቱ ዳር ወዳለችው ሻይ ቤት እንሄዳለን። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ ነበር፤ ቦምቦሊኖው ዛሬ እንደሚሸጠው አየር የሞላው ሳይሆን አንዱ እስከ ማታ የሚያደርስ ነበር። ከሻይ ቤቱ ጎን የሙዚቃ ካሴት የሚሸጥ ልጅ ድምፅ ማጉያውን የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ሰቅሎ አንዱን ዘፈን በጋውን ሙሉ ይደጋግመዋል። ግጥሙ ጠፍቶኛል፤ ምቱን ግን አሁንም በጣቴ መምታት እችላለሁ።

ከበየነ ጋር የተዋወቅነውም እዚያው፣ የአውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ነው። አርባ የተማሪ ደብተር ደረቴ ላይ አቅፌ አውቶቡስ ላይ ለመድረስ ስሮጥ ከኋላዬ አንድ ሰው ይስቃል። ዘወር ብዬ "ምን ያስቅሃል?" አልኩት። ቱታውን ለብሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ያለ ምንም እፍረት "ግራ እግርሽ እያረፈደ ነው። ደብተሩን አትቀፊው፤ አብሮሽ ይሩጥ" አለኝ። አውቶቡሱ አመለጠኝ። እሱ አላመለጠኝም።

እሱ ሩጫን የሚያየው በጆሮው ነው። ነገሩ የተጀመረው ጉም በወረደበት አንድ ጠዋት ነበር፤ ልጆቹ ከአሥር እርምጃ በላይ አይታዩም፣ የሽምብራው ገለባ ላይ የሚሮጥ እግራቸው ግን ይሰማል። ያን ቀን የሰይድ ግራ እግር ከቀኙ ከፍ ብሎ እንደሚጮህ ሰማ። ሰውነትን ቀድሞ ፊት ለፊት የሚያርፍ እግር "ጧ" ይላል፤ ያ ፍሬን ነው፣ ሯጩ በራሱ እግር ራሱን ያቆማል። ከዳሌ በታች የሚያርፍ እግር "ጠብ" ብሎ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ጀመር። "ዓይኔ ሁልጊዜ ኳሱን እየተከተለ አስቸገረኝ" ይል ነበር። ጀርባውን እንደሰጠ "ሰይድ፣ ግራ!" ብሎ ይጮሃል። ሰይድም "ጋሼ ማጅራታቸው ላይ ዓይን አላቸው" እያለ ያወራ ነበር።

ሰው ግን ሳቀበት። በሀገራችን ሩጫ ማለት ረጅም ነው፤ ዳገት፣ ትዕግሥት፣ ላብ። በየነ የሚያስተምረው አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ሜትር ነው። ኳስ ተጫዋች ሜዳውን ሲዞር ቢውልም ጨዋታው የሚያልቀው ከቆመበት በሚነሣባት በዚያች አጭር ርቀት ነው ባይ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዕረፍቱ ነበር። አንድ ጊዜ ካስሮጣቸው በኋላ ትንፋሻቸው ፈጽሞ እስኪመለስ ያስቀምጣቸዋል። አንድ ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ሊጎበኙ መጥተው አሥራ አንዱም ሣር ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

"አቶ በየነ፣ ይሄ ልምምድ ነው ወይስ ለቅሶ?"

"ልምምድ ነው፣ ጌታዬ። ደክሞት የሚሮጥ ሰው ፍጥነት አይማርም፤ የሚማረው ድካም ነው።"

ኃላፊው አልገባቸውም። በዚያ ዓመት ግን ሰይድን የሚይዘው ተከላካይ አልተገኘም።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሻይ ቀርቦልኝ ነበር፤ ሀያትም አጠገቤ ተቀምጣ ጭኗን ታሻለች። "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አልኳት።

"ሩጫ ነው። አንቺ ደግሞ..."

"እርስዎ በይ!" አለ ሰይድ።

"ሶሪ፣ እርስዎ። በየቀኑ ጠዋት ከረጅም ሯጮች ጋር እሮጣለሁ፤ ከቦሌ ለሚ ፋብሪካዎች ጀርባ ባለው ዳገት። ሜልበርን ያለው ኮቼ፣ አሠልጣኜ፣ ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ሩጫ በደሜ ነው ብሎ ያስባል። ቀኑን ሙሉ መሮጥ እችላለሁ እትዬ፣ እውነቴን ነው። ግን ኳሱ መሬት ሲወድቅ ከሁሉም ኋላ የምደርሰው እኔ ነኝ። ስመለስ የቡድን ምርጫ አለ፤ ሃያ ሜትር ያስሮጡናል፣ ከዚያ ያጫውቱናል። አምና ወደቅኩ። ዘንድሮ ከወደቅኩ የልምምድ ቦታዬንም ለሌላ ይሰጣሉ። አገሬ ገብቼ እዚህ ከፍታ ላይ ብሮጥ እፈጥናለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ደረጃ መውረድ አቃተኝ።"

ሰይድ ወደ መደርደሪያው ዞረ። "ጋሼ በኖሩ" አለ ቀስ ብሎ።

ጋሼ የለም። ያወቀውንም ይዞት ሄዷል፤ ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነው። ጡረታ ከወጣን በኋላ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቶ መጣና "ጽጌ፣ አንቺ መምህርት ነሽ፤ እኔ ልንገርሽ አንቺ ጻፊልኝ" አለኝ። በክረምት እንጀምራለን አልኩት። ክረምቱ ሲመጣ መስከረም ይሁን አልኩት። ደብተሩ ላይ ያለው በእሱ እጅ የተጻፈ "ስለ ፍጥነት" የሚል ርዕስ ብቻ ነው። ከርዕሱ በታች ያለው ባዶ ገጽ በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ከመቃብሩ ይልቅ አስለቅሶኛል። እና እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ አፌ እኔን ሳያማክረኝ፣ "ነገ ጠዋት ቡልቡላ አምጣት" አለ።

በእኛ ሕንፃና በቀጣዩ ሕንፃ መካከል ገና ድንጋይ ያልተነጠፈበት ሜዳ አለ። እንደ እኔ ግምት የኦቦ ቱፋ ሽምብራ መሬት እሱ ነው፤ ምልክት የነበሩት ዛፎች ስለተቆረጡ አልምልም። የፕላስቲክ ወንበሬን አውርጄ፣ ጀርባዬን ለልጅቷ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። የሕንፃው ጥበቃ ይህን አይቶ መጣ።

"እትዬ ጽጌ፣ ተኳርፋችሁ ነው እንዴ?"

"እየሰማኋት ነው።"

"እሷ እኮ ምንም አላለችም!"

"ዝም ካልክ ትላለች።"

ሮጠች። "ጧ፣ ጧ፣ ጧ።" ሁለቱም እግሯ ገና ከመነሻው ፊቷ ይተከላል። ረጅም እርምጃ ከሰውነት ቀድሞ እየወረደ በየእርምጃው ያቆማታል። የመጀመሪያ ትእዛዜ የጠዋቱን ዳገት እንድታቆም ነበር።

"ካልሮጥኩ እንዴት እፈጥናለሁ?"

"ትሮጫለሽ። ሳይደክምሽ ትሮጫለሽ።"

ሰይድም "አዲስ አበባ ላይ ሰው እንዳይሮጥ የከለከሉ ጋሼና እርስዎ ብቻ ናችሁ" አለ። በማግስቱ ግን ያዘዝኩትን ይዞ መጣ፤ የሱቁን የዕቃ ጋሪ፣ ከነ አንድ ኩንታል ስኳሩ። በየነ ጫኝና አውራጆቹን ያስተማረው በለመዱት ሥራ ነው፤ ጋሪ መግፋት ያውቃሉና ከዚያ ጀመረ። ሀያት ጋሪ ገፍታ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ገፋችው፤ ጋሪው ሲጥጥ አለ፤ ሄደ።

"እግርሽ የት ነው ያለው?"

"ኋላዬ።"

"ፊትሽ ብታሳርፊውስ?"

"ጋሪው አይሄድማ።"

"በይ እንግዲህ፣ አንቺም ጋሪ ነሽ።"

ሰይድ ሳቁ አመለጠው። "እኔንም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። ጋሪ ነህ አሉኝ፤ ሁለት ቀን አኮረፍኳቸው።"

ጋሪውን ነጠቅናትና የሌለ ጋሪ ግፊ አልናት። ከቁርጭምጭሚት ዘንበል፣ አጭር አጭር እርምጃ፣ መሬቱን ወደ ኋላ፣ ክርንም ወደ ኋላ። አንድ ጊዜ ትሮጥና ትቀመጣለች። ቡና ሊጠሩኝ የመጡት ጎረቤቴ ልጅቷ ታማ መስሏቸው ውሃ ይዘው ወረዱ። እኛ ግን በየነ እንዳደረገው ዝም ብለን ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅን። አምስተኛው ቀን ላይ ድምፁ ተለወጠ። "ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ" እያለ መጣ፤ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ እግሬ ሥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሰይድ የበየነን የሩጫ ሰዓት አይቶ "አላህ!" ብቻ አለ።

ከዚያ ኳሱን ያዘች፤ ተበላሸ። የእነሱ ጨዋታ ኳስ ይዞ ያስሮጣል፤ በየአሥራ አምስት ሜትሩ ግን መሬት ማስነካት ግዴታ ነው። ኳሱ እጇ ላይ ሲሆን ቀኝ እግሯ ደህና ይመጣል፣ ግራው ያረፍዳል። በየነ ይህን አላስተማረኝም። የእሱ ልጆች በእጃቸው ኳስ ከያዙ ቅጣት ነው። ሦስት ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ ሰማሁ፤ ግራው እንደዘገየ ነው፤ ምክንያቱን አላውቅም። የምትሄድበት ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው መጥታ ፊቴ ተንበረከከች።

"አሁንስ ደህና ነው፣ አይደል እትዬ?"

"ደህና ነው" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ይህን ውሸት አውቀዋለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የበየነ ጆሮ ከድቶት ነበር። ያኔ የሰፈሩን ልጆች ሲያስሮጥ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የምሰማውን የእጁ ጀርባ ላይ በጣቴ እመታለታለሁ፤ ቀኝ ሲረግጡ በአመልካች ጣቴ፣ ግራ ሲረግጡ በቀለበት ጣቴ። አንድ ቀን ብርድ ነበር፣ ያስለዋል፣ ልጁም ደክሞታል። ቶሎ እንድንገባ ብዬ ሁሉንም አስተካክዬ መታሁለት። ሰዓቱን አየና እጁን ሰበሰበ። "ጽጌ፣ ዛሬ ጣትሽ ዋሽቷል" አለኝ። "በርዶሃል ብዬ ነው" አልኩት። "እንግባ ማለት ከፈለግሽ እንግባ በይኝ። በእግር ግን አትዋሺ፤ የሚጎዳው ልጁ ነው።"

"አይደለም" አልኳት ሀያትን። "ግራሽ አሁንም ያረፍዳል።"

ኳሱን ወረወረችው። የጥበቃው ቤት ቆርቆሮ ላይ አርፎ ጮኸ። "እኔ እኮ የቻልኩትን ሁሉ አድርጌያለሁ! ሰው ቢያንስ..." አልጨረሰችም፤ አለቀሰች። ከዚያ ሄዳ ኳሷን አነሣች፤ አቧራውን አራገፈች፤ ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈችው፣ በሁለት እጇ፣ አርባ ደብተር እንደያዘ ሰው።

ለሦስት ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ስትሮጥም እንዲህ እንደምታቅፈው አላየሁም። በየነም እኔን ፌርማታው ላይ ያስተዋለኝ ዞሮ አይቶ ነው።

"ሀያት" አልኩ ከወንበሬ እየተነሣሁ። "ኳሱን አትቀፊው። በአንድ እጅሽ ያዥው፣ ላላ አድርገሽ፤ ክርንሽ ወደ ኋላ ይሂድ። አብሮሽ ይሩጥ።"

መጀመሪያ ኳሱ ሁለቴ አመለጣት። ሦስተኛው ላይ እኔ ተቀምጬ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ቀኝ መጣ። ግራ መጣ፤ በሰዓቱ። ወዲያው አላመንኩትም። የመዋሸት ዕድሉን ለጆሮዬ ላለመስጠት አራት ጊዜ አስሮጥኳት፤ በየመካከሉም አስቀመጥኳት። በአራተኛው ጣቶቼ የወንበሩን ክንድ እየመቱ እንደሆነ ታወቀኝ፤ አመልካች፣ ቀለበት፣ አመልካች፣ ቀለበት። የበየነ እጅ ይቀመጥበት በነበረው በኩል።

ሀያት ሄደች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት መጣ። ሰላምታ የለውም፣ ቃል የለውም። ነፋስ አለ፣ የሴቶች ጩኸት ከሩቅ አለ፣ እና እግር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጀርባዬን ሰጠሁት። "ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።" ኳሱ አንዴ መሬት ነክቶ ነጠረ፤ እግሯ ቀጠለ። ደስታ ጆሮ ያደነቁራል ብዬ ሦስቴ መልሼ ሰማሁት፤ ከዚያ ጻፍኩላት፤ "ጥሩ ነው። ኳሱን ካስነካሽ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ግራ ግን ትንሽ አርፍዳለች።"

ወዲያው መለሰች። "እትዬ!! መርጠውኛል እኮ!!"

"ሰምቻለሁ። ግራሽን አስተካክዪ።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መሳቢያውን ከፈትኩ። የቅባቱን ቱቦ አውጥቼ ሸተትኩትና ክዳኑን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ሰማያዊውን ደብተር ገለጥኩ። እጄ ዛሬ ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ገጽ ለመጻፍ አንድ ከሰዓት ይፈጅብኛል። ቢሆንም ክረምትም መስከረምም አልጠበቅኩም። "ስለ ፍጥነት" ከሚለው ከእሱ ጽሑፍ ሥር፣ በእኔ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ።

"መጀመሪያ ጀርባህን ስጥና ስማ። ካልገባህ ግን፣ ዞረህ እይ።"